ሀብትም በውርስ፣ ድህነትም በውርስ፦ ስለ ካፒታሊዝምና ስለ ፍትሕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሟች ሣጥን ሲከፈት ብዙ ይናገራል። በውርስ አጣሪነት ሥራዬ ብዙ ሣጥን ሲከፈት አይቻለሁ። በአንዱ ቤት በላስቲክ የተጠቀለለ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝና የባንክ ደብተር ይገኛል። በሌላው ቤት የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የዕድር ደብተር፣ የልጆች የክትባት ወረቀትና አንድ ነጠላ። ሁለቱም ሟቾች ዕድሜ ልካቸውን ለፍተዋል። ከአርባው በኋላ ግን የልጆቻቸው መንገድ ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት ባለጉዳዮች፣ ተማሪዎችና በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ያልተባለ ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ካፒታሊዝም ማለት ገበያ ማለት ነው?

አይደለም። ገበያ ከካፒታሊዝም በፊትም ነበር፤ እህል ሸጦ ጨው የሚገዛ ገበሬ በካፒታሊዝም ውስጥ አልኖረም። ካፒታሊዝም የምንለው ፋብሪካው፣ ማሽኑ፣ ሕንፃውና አክሲዮኑ በግል ተይዞ ትርፍ የሚያመጣበት፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ጉልበቱንና ዕውቀቱን በደመወዝ ሸጦ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። የአናጢ እጅ ከአናጢው ጋር ይቀበራል፤ ማሽኑ ግን ይቀራል። ሥርዓቱ ለእጁ አንድ ዕድሜ፣ ለማሽኑ ግን ትውልድ ተሻግሮ ስለሚከፍል ውርስን ሳያነሡ ስለ ፍትሑ መነጋገር አይቻልም።

አባት ለፍቶ ያፈራውን ለልጁ ቢሰጥ ምኑ ላይ ነው በደሉ?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ለልጆቻቸው ሲሉ የተቸገሩ ሰዎች ስለሆኑ መልሱን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። አባትየው አልበደለም። ለልጅ ማሰብ ሰውን ከሚያሠሩት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ያንን የሚያደርቅ ሕግ አገርንም ያደርቃል።

ጥያቄው የሚነሣው ነገሩ ከልጆች ወገን ሲታይ ነው። የገበያ ሥርዓት ፍትሐዊ ነው የሚሉ ሰዎች ዋናው ማስረጃቸው «የሠራ ይበላል» የሚለው ነው። በዚያው ሚዛን ወራሹን ብናስቀምጠው የሚያቀርበው ሥራ የለውም። አባቱ ሠርቷል፤ እርሱ ተወልዷል። ጎረቤቱም ተወልዷል።

በገጠር ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ቁራሹ ከተለየ በኋላ ዕጣ ሲጥሉ አይቻለሁ። መሬቱን የሚከፍለው ሰው የትኛው እንደሚደርሰው ስለማያውቅ ለሙን ከጭንጫው፣ ውኃ ገቡን ከደረቁ እያመዛዘነ ይከፍላል። ስለ አገርም እንዲሁ ማሰብ ይቻላል። በየትኛው ቤት እንደምንወለድ ሳናውቅ ሕጉን አውጡ ብንባል፣ አንዱ ልጅ ከካርታ፣ አንዱ ከኪራይ ደረሰኝ እንዲነሣ ተስማምተን እንፈርም ነበር? እኔ አልፈርምም ነበር። ወላጅ የመስጠት መብት አለው፤ ልጅም ተመጣጣኝ መነሻ የማግኘት መብት አለው። ሁለቱ መብቶች ይጋፋሉ፤ አንዱን ጨርሶ ሠርዞ ሌላውን የሚያነግሥ መልስ አገራችን ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ተጎድታለች። ወደዚያ እመጣለሁ።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ ምን የሚወረስ ሀብት አለ?

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 በርግጥ እንዲህ ይላል። ያው አንቀጽ ግን ሰው በመሬቱ ላይ በገዛ ጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ለሠራው ቤትና ለጨመረው ማሻሻያ ሙሉ መብት ይሰጠዋል፤ መሸጥም ማውረስም ይችላል። በከተማ እንግዲህ «ቤት ሸጥኩ» ሲባል የጭቃ ቤት ሚሊዮኖች የሚያወጣው ስለ ጭቃው አይደለም። ዋጋው የቆመበት ቦታ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት በተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ቤት ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ ሥርዓት፣ ማለትም ቦታን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደ መያዝ፣ እንዲገባ ደንግጓል፤ ከዚህ የተለየው በውርስ የተላለፈው ነው። ገዝቶ የመጣው የሊዝ ውል ይፈርማል፤ ወርሶ የመጣው በአባቱ እግር ይቆማል። ይህ በሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ ከተጨማሪ ጭንቀት ያድናል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ምን እንደሚሠራ ደግሞ ማየት አለብን፦ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ይዞታ በመወለድ የሚገኘው ሆኖ ቀረ።

ቤቶች ለልማት ሲፈርሱም ልዩነቱ ይታያል። ባለይዞታው ካሳና ምትክ ቦታ የመጠየቅ መብት አለው። የቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይሰጠው ይሆናል። በዚያው ግቢ ደባል ሆኖ ሃያ ዓመት የኖረው ግን ዕቃውን ጭኖ ይወጣል። ሦስቱም በአንድ ውኃ ቧንቧ ሲቀዱ የኖሩ ናቸው።

ቤት የወረሰና ያልወረሰ ልዩነታቸው የቤት ኪራይ ብቻ አይደለም?

ኪራዩማ ትንሹ ነው። ትልቁ ባንክ ቤት በር ላይ ይጠብቃል።

ሁለት ጎረቤታሞች አውቃለሁ። የእንጨት ሥራ አብረው ተማሩ፤ በአንድ ዓመት የየራሳቸውን ወርክሾፕ ለመክፈት ተነሡ። እጃቸው እኩል ነው፤ እንዲያውም ሁለተኛው ቁም ሣጥን በመግጠም ይበልጣል። ለብድር ሲሄዱ የብድር ሠራተኛው ገና ወንበር ሳያስይዛቸው የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፦ «ካርታ አላችሁ?» የመጀመሪያው የእናቱን ቤት ካርታ አመጣ። ከባንኩ የመጣው ገማች ግቢውን በሜትር ለካ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ጻፈ። የልጁን እጅ ግን አላየም። አንድም ቀን የሠራውን ወንበር አሳየኝ አላለውም። ብድሩ ተፈቀደ፤ መላጊያ ማሽንና መጋዝ ተገዛ።

ሁለተኛው በቀበሌ ቤት ያደገ ነው። ቤተሰቡ እዚያው ቤት ከአርባ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ኪራዩ ለረጅም ዘመን ጥቂት ብር ነበር፤ ያ ትልቅ እፎይታ እንደሆነ አልክድም። የቀበሌ ቤት ግን በመያዣነት አይቀርብም። ዕቁብ ገባ። ዕጣው የወጣለት በአሥራ ስድስተኛው ወር ነው። እስከዚያ ድረስ በጓደኛው ማሽን ላይ በቀን ሒሳብ ጣውላ ሲልግ ከረመ። ጓደኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ምሳ አብረው ነው የሚበሉት። ግን አንዱ ባለቤት፣ አንዱ ቅጥረኛ ሆኑ፤ ልዩነቱ የተጻፈው ሁለቱ ሳይወለዱ በፊት አያት ቦታ ሲመሩ ነው።

በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ለመበደር የሚያስችል አዋጅ (ቁጥር 1147) በ2011 ወጥቷል። ማሽን፣ ሰብል፣ ከብት በመያዣነት ተመዝግበው ብድር ሊሰጥባቸው ይችላል። በጎ ሕግ ነው። ባንኮቻችን ግን አሁንም ልባቸው የሚያርፈው በቤትና በሕንፃ ነው።

ከ1967 በፊት ነገሩ እንዴት ነበር?

እንደ አገሩ ይለያይ ነበር። በሰሜኑ ክፍል ርስት የሚባለው ሰው ከአቅኚ አባቱ ትውልድ ቆጥሮ በአባቱም በእናቱም በኩል የሚጠይቀው የመሬት መብት ነበር። በዚህ በኩል ሲታይ ርስት ሰፊ ነበር፤ ገበሬው «የማንም ጭሰኛ አይደለሁም» የሚል ክብር ነበረው፤ በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የተባለውም ለዚህ ነው። በላዩ ደግሞ ባለጉልቱ፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት የተሰጠው፣ ግብርና አሥራት ይወስዳል። ከርስት ጨርሶ የተገፉም ነበሩ፦ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ በብዙ ቦታ ቤተ እስራኤላዊው። በሰው መሬት ላይ ሠርተው የሚኖሩት በዘራቸውና በሙያቸው ምክንያት ነበር። ከርስት መገፋትም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ሻንጣ እንኳ የያዘው ጥቂቱ ነበር። ቤት ለመግዛት የወላጅ እገዛ ትልቅ ድርሻ ባለው አገር ውስጥ ኑሮን ከዜሮ ጀመሩ።

በደቡቡ ክፍል ደግሞ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከተካሄደው መስፋፋት በኋላ ሰፊ መሬት ለሹማምንት፣ ለወታደሮችና ለቤተ ክህነት ተሰጠ፤ የነበረው ገበሬ በገዛ መንደሩ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። እርቦ፣ ሲሶ፣ እኩል የምንላቸው ቃላት ጭሰኛው ከምርቱ ስንት እጅ ለባለመሬቱ እንደሚያስረክብ የሚለኩ ነበሩ። እኩል አራሽ ግማሹን ያወጣል። ልጁም እኩል አራሽ ይሆናል። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ይህን አይተው ነው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው የባለመሬት ልጆች ነበሩ፤ ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

ደርግ ሁሉንም ወርሶ ነበር። ታዲያ ለምን ልዩነቱ አልጠፋም?

በአማርኛ «ወረሰ» የሚለው ቃል ልጅ ከአባቱ ሲቀበልም፣ መንግሥት ከሰው ሲወስድም ያገለግላል። በ1967 ሁለቱ ትርጉሞች ተጋጩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ታወጀ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ፣ በመያዣ እንዳይሰጥ ተደነገገ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተከተለ፤ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ የቀረው ተወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። ቀጥሎ የግል ካፒታል ጣሪያ ወጣለት፦ ለኢንዱስትሪ 500,000፣ ለጅምላ ንግድ 300,000፣ ለችርቻሮ 200,000 ብር።

የገጠሩ አዋጅ ጭሰኛውን ነጻ አውጥቷል፤ ይህን የሚያስተባብል ሰው ከጭሰኛ ልጅ ጋር ተቀምጦ አልተነጋገረም። የከተማው ግን የተደባለቀ ነው። ሃምሳ ቤት ያከራይ የነበረው መኮንንም፣ ሁለት ክፍል ሠርታ በኪራይዋ ልጆቿን የምታሳድግ ባልቴትም በአንድ አዋጅ ተመቱ። የተወረሰውን ቤት የሚያድስ ባለቤት ጠፋ፤ ዛሬ በየሰፈሩ የምናየው ጎኑ የተደገፈ የቀበሌ ቤት የዚያ ውጤት ነው።

ካርታ ሲወረስ ያልተወረሱ ነገሮችም ነበሩ፦ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ በውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታወቅ ስም። አዲሱ ሥርዓትም የራሱን ርስት ፈጠረ፤ የፓርቲ አባልነት በር ከፋች ሆነ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ኋላም የግል ባንክ በ1986 ሲፈቀድ፣ ቀድመው የተነሡት እነዚህን ያልተወረሱ ሀብቶች ይዘው የቆዩት ነበሩ።

በገጠርስ ዛሬ ምን ይወረሳል?

የመጠቀም መብት ይወረሳል። ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ተሰጥቶታል፤ በአማራ ክልል ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል፤ ለሚስት ይህ ትልቅ ጋሻ ነው። ችግሩ መሬቱ አለመለጠጡ ነው። የብዙ አባወራ ይዞታ አንድ ሄክታር አይሞላም። አምስት ልጆች ቢካፈሉት በሬ ማዞሪያ አይኖርም። ሕገ መንግሥቱ ገበሬ መሬት ያለ ክፍያ ያገኛል ይላል፤ በ1989 በአማራ ክልል ከተካሄደው ድልድል በኋላ የተወለደ ወጣት ግን የሚያገኘው አባቱ ሲሞት ነው። መሬት የጋራ በሆነበት አገር እንኳ ወጣቱ የአባቱን ሞት ጠባቂ ሆነ።

ሴቶች ልጆች እኩል ይወርሳሉ?

በሕጉ፣ አዎ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 837 የወራሹ ፆታ ልዩነት አያመጣም ይላል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 አጽንቶታል። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም እኩል ነው። ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም፤ በሕይወት ያለው ግን አስቀድሞ የጋራውን ሀብት ግማሽ ያነሣል። ተከራካሪዎች ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዱ ክፍፍሉ በሃይማኖቱ ሥርዓት ይሆናል።

በተግባር ግን «አንቺ ባልሽ ጋ አለሽ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአንቀጽ ይበረታል። እኅት ወንድሟን ላለማስቀየም ዝም ትላለች። ዝምታው ደግሞ ዋጋ አለው፦ ወራሽነትን የመጠየቅ ክስ መብቷንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀች በሦስት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እባካችሁ፣ ይህን ለእኅቶቻችሁ ንገሩ።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይተላለፋል?

የሟች ዕዳ አስቀድሞ ከውርሱ ሀብት ላይ ይከፈላል፤ ወራሾች የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። በኑሮ ግን ሌላ ዓይነት ዕዳ አለ። ለእናቱ መድኃኒት፣ ለታናናሾቹ ትምህርት የሚከፍል የድሃ ቤት በኩር ደመወዙ ገና ሳይገባ ያለቀ ነው። ከእርሱ እኩል የተቀጠረው የሀብታም ልጅ ያንኑ ደመወዝ አክሲዮን ይገዛበታል።

በኢትዮጵያ የውርስ ግብር አለ?

የለም። ስም ለማዛወርና ለሰነድ የሚከፈል ክፍያ እንጂ በውርስነቱ የሚጣል ግብር የለብንም። ይህን ከደመወዝ ጋር አስተያዩት። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ በወር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይቀነስበታል። ነርሷ ሌሊት አድራ ካገኘችው የመጨረሻ መቶ ብር ላይ ሠላሳ አምስቱ ይወሰዳል፤ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የወረሰው ግን ስለ መውረሱ አንድ ብር አይከፍልም። እኔ ይህን ማስተባበል የሚችል ክርክር እስካሁን አልሰማሁም።

በሌላው ዓለም ሁለቱም ዓይነት አለ። በጃፓን ከፍተኛው የውርስ ግብር 55 በመቶ፣ በደቡብ ኮሪያ 50 በመቶ ነው። የሳምሰንጉ ሊቀ መንበር ሊ ኩን ሂ ሲሞቱ ቤተሰባቸው ከ12 ትሪሊዮን ዎን በላይ ለመክፈል መስማማቱን እ.ኤ.አ. በ2021 አሳውቋል፤ ኩባንያው አልፈረሰም። ስዊድን ግን እ.ኤ.አ. በ2004፣ ኖርዌይ በ2014 የውርስ ግብርን ትተውታል። እስራኤልም የላትም። አገራቱ የተለያዩት ግብሩ ኢፍትሐዊ ነው ብለው ብቻ አይደለም፤ ሀብታሙ በምክርና በሰነድ እያመለጠ መካከለኛው ቤተሰብ ሲከፍል በማየታቸውም ጭምር ነው።

በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ ነው የምኖረው፤ የዚያ አገር የውርስ ግብር አዲስ አበባ ያለውን ቤቴን ይመለከተዋል?

ሊመለከተው ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራሉ የሟች ሀብት ግብር ኑሮውን እዚያ ያደረገን ሰው በየትም አገር ያለውን ሀብት ይቆጥራል፤ ነጻ የሚሆነው መጠን ግን እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ለአንድ ሰው 15 ሚሊዮን ዶላር ስለሆነ አብዛኛው ወገናችን ስለ ፌዴራሉ አይጨነቅም። እንግሊዝ ይለያል፦ ግብሩ ከ325,000 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 40 በመቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ካለፉት 20 ዓመታት ቢያንስ 10ሩን እዚያ የኖረ ሰው በውጭ ያለው ንብረቱም ይቆጠርበታል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በ1994 በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት በማይንቀሳቀስ ንብረት ረገድ እንደ ባዕድ አይቆጠርም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አውጡ፤ አባት ከሞቱ በኋላ መሯሯጥ ያደክማል።

የዋጋ ንረት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤት ያለው ቤቱ አብሮ ከፍ አለ። ለልጁ ትምህርት በባንክ ደብተር ያጠራቀመ ሠራተኛ ቁጥሩ ሳይነካ ገንዘቡ አነሰ። ወላጆቻቸው ቤት ያወረሷቸውና ብር ያወረሷቸው ልጆች በአንድ ክረምት ተራራቁ።

ከምንም ተነሥተው የከበሩ ሰዎች አሉ። ይህ ሥርዓቱ ክፍት መሆኑን አያሳይም?

አሉ፤ አከብራቸዋለሁም። ሊስትሮነት ጀምሮ መርካቶ ሱቅ የከፈተ ሰው በየሰፈሩ አለ። ግን የወደቁት ታሪካቸውን ለጋዜጣ አይናገሩም። እ.ኤ.አ. የ2022 የዓለም ኢ-እኩልነት ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ ከላይ ያለው 10 በመቶ የሀብቱን 76 በመቶ፣ ከታች ያለው ግማሽ ግን 2 በመቶውን ብቻ እንደያዘ ያሳያል። ከታች ካለው ግማሽ የሚወጡት ጎበዞች መኖራቸው በሩ ጠባብ መሆኑን አይለውጠውም።

እና ምን ይደረግ ይላሉ? እንደገና ይወረስ?

አይወረስ። ያንን አይተናል፤ ሰው የሠራውን ለልጁ እንደሚተርፍ ካላመነ ጣሪያ አይጠግንም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የመኖሪያ አንድ ቤት በውርስ ሲተላለፍ አይነካ። ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ሕንፃና ብዙ አክሲዮን ሲተላለፍ ግን ከደመወዝ ያነሰ እንኳ ቢሆን ግብር ይኑረው። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ትክክለኛውን ሚዛን ከያዘ ጥሩ መነሻ ነው፤ ጡረተኛዋን በአንድ ቤቷ ምክንያት የሚያስጨንቅ ከሆነ ግን ስሙ ፍትሕ፣ ሥራው በደል ይሆናል። ገንዘቡም የት እንደዋለ ይታይ። ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨኝ የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ካርታ የሌለው ልጅ የሚወርሰው ብቸኛ ነገር እርሱ ነው፤ መምህሩ በደመወዙ መኖር ያቃተው፣ አራት ልጅ በአንድ ወንበር የሚቀመጥበት ትምህርት ቤት ካወረስነው ምንም አላወረስነውም። ባንኮችም ግድግዳ ከመለካት ባሻገር የሰውን ሥራና የዕቁብ ታሪክ መመዘን ይማሩ፤ አሥር ዓመት አንድም ሳምንት ሳያጎድል ዕቁብ የጣለ ሰው ታማኝነቱን በምን ያሳይ?

ዐረብ አገር ሠርቼ በላክሁት ገንዘብ የተሠራ ቤት በአባቴ ስም ነው፤ አባቴ ዐረፈ። ቤቱ የማን ነው?

ይህ ጥያቄ በየወሩ ይመጣልኛል፤ የሚጠይቁትም ሴቶች ናቸው። ቤሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ በሰው ቤት ሠርተው በቤተሰባቸው ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን ሀብት ያቋቋሙት እነርሱ ናቸው። ማንም ያወረሳቸው የለም። ቦታው ሲመራ እነርሱ በሌሉበት ስለሆነ ካርታው በአባት ወይም በወንድም ስም ይወጣል። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1195 መሠረት ካርታው በስሙ የሆነ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። አባት ሲሞት እንግዲህ ቤቱ ከውርስ ሀብት ይቆጠራል፤ እርሷም ከእኅት ወንድሞቿ እንደ አንዷ ትካፈላለች።

ግምቱ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። የባንክ ወይም የሐዋላ ደረሰኝ፣ «ለቆርቆሮው ስንት ላክሽ» የሚል መልእክት፣ ከግንበኛው ጋር የተፈረመ ወረቀት፣ ግንባታውን ያየ ጎረቤት ሁሉም ይጠቅማሉ። ውርሱ ተጣርቶ ከመጽደቁ በፊት ለአጣሪው በጽሑፍ አመልክቺ። ገና በሕይወት ያሉ አባት ካሉሽ ደግሞ ዛሬውኑ በውል አስፈርሚ፤ አያፍሩብሽም።

ባለፈው ያጣራሁት ውርስ ላይ አንዲት እኅት አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ደረሰኝ በፌስታል አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ቀለሙ የጠፋውን ወደ ብርሃን እያነሣን አንብበን፣ በዓመት በዓመት ደረደርነው። ታናሽ ወንድሟ ከጎኗ ቆሞ ያይ ነበር። ግማሽ ላይ ስንደርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና መደመሩን ከእኛ ጋር ቀጠለ።